ፎር ዊሉ አልገባ ሲል፦ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሽቦውን ይፈትሹ

በክረምት ከአርሲ ነገሌ በስተምሥራቅ ወደ ሙኔሳ ደን የሚያወጡትን የጭቃ መንገዶች፣ በበጋ ደግሞ በስተምዕራብ ወደ አብያታና ሻላ ሐይቆች ዳርቻ የሚወርዱትን አቧራማ መንገዶች የሚመላለስ መኪና ካለዎት፣ ይህ ችግር አንድ ቀን ያገኝዎታል። ማዞሪያውን ወደ ፎር ሃይ ያዞራሉ፤ የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አያቆምም፤ የኋላ ጎማዎች ጭቃውን ይምሳሉ፣ የፊቶቹ አይስቡም። አንዳንዴ ደግሞ በተቃራኒው ይሆናል፦ የገባው ፎር ዊል አልወጣም ይላል። ጋራዥ ሲደርሱ «ኮምፒውተሩ ነው» ወይም «አክቹዌተሩ ተቃጥሏል» ይባላሉ። ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ይገጠማል፣ መብራቱ ግን አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል።

ኮምፒውተር አይበላሽም ለማለት አይደለም፤ ይበላሻል። ግን ተራው የመጨረሻ ነው። በእኛ አካባቢ ቀድሞ የሚሞተው ከመኪናው ሥር ያለው ነው፦ ሶኬቱ፣ ሽቦው፣ ወደ ሻንሲ የሚታሰረው ማሳ፣ ትንንሾቹ ስዊቾች። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጭቃና ውሃ ከአንድ ወገን ይመጣል፤ ከሌላው ወገን የሶዳው አቧራ። የአብያታና የሻላ ውሃ ሶዳ የበዛበት ነው። ከዳርቻው የሚነሣው ነጭ አቧራ ደረቅ ሳለ ምንም አይመስልም፤ ሶኬት ውስጥ ገብቶ እርጥበት ሲያገኝ ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብረቱንም ይበላል። በዚያ ላይ ላቫጆ ወስደን በግፊት ውሃ ከሥር እናስመታዋለን። ያጸዳን ይመስለናል፤ ውሃውን ግን ወደ ሶኬቱ እየገፋነው ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በነጻ ከሚፈተሸው ተነሥቶ ገንዘብ ወደሚያስወጣው ይሄዳል። አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ቀጣዩ አይዝለሉ። ዕቃ በከንቱ የሚገዛው በመዝለል ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

ቮልትና ኦም የሚለካ ዲጂታል ቴስተር፤ ሁለት ሽቦ የተበየደለት ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል፤ ፒንሳ፣ ካቻቪቴና ባለ 10 ቁልፍ፤ ክሪክና ጠንካራ መደገፊያ፤ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት፤ መለዋወጫ ፊውዞች፤ ኮንታክት ክሊነር። አምፖሉን አይናቁት። ቴስተር በአንዲት ክር ላይ የቀረች ሽቦን እንኳ «12 ቮልት» ብሎ ያልፋታል፤ አምፖሉ ግን ጭነት ስለሚጠይቅ እውነቱን ያወጣል። በሌላ በኩል አምፖሉን ወደ ኮምፒውተር በሚሄዱ ቀጫጭን የሲግናል ሽቦዎች ላይ በፍጹም አያስነኩት። እዚያ ቴስተር ብቻ ነው የሚፈቀደው።

ሶኬት ለማጽዳት ናፍጣ አይጠቀሙ፤ የሚተወው ቅባት አቧራ ይሰበስባል። ቤንዚንም እሳት ነው። ነገሌ ላይ ደግሞ አንድ ፈተና አለ፦ አረቄ በቅርብ ይገኛል፣ «አልኮል አይደል እንዴ» የሚልም አይጠፋም። ውሃ አለበትና ለሶኬት አይሆንም፤ ለሌላ ጉዳይ ያስቀምጡት።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ለኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ያስደግፉ። ሶኬት ሲነቅሉም ሆነ ሲሰኩ ቁልፉ የጠፋ ይሁን። አንድ ነገር በተለይ ያስታውሱ፦ ፎር ዊል የገባበት መኪና በክሪክ ላይ ሆኖ ሞተሩ ከተነሣ፣ መሬት የነኩት ጎማዎች መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይዘውት ይወርዳሉ። ጎማ ከተነሣ ሞተር ይጥፋ።

1. መኪናዎ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ሁሉም ፎር ዊል አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ የለውም። በብረት ዘንግ የሚሠራ ካምቢዮና በእጅ የሚቆለፍ የጎማ ሃብ ያለው አሮጌ ላንድክሩዘር ከሆነ፣ ከኤሌክትሪክ ጋር የሚያገናኘው የዳሽቦርዱ መብራትና እሱን የምታበራው ስዊች ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። ጎማዎቹ እየሳቡ መብራቱ ካልበራ በቀጥታ ወደ ቁጥር 8 ይሂዱ። ጎማዎቹ ካልሳቡ መጀመሪያ ወርደው ሃቡን ይዩ፤ አንደኛው ተቆልፎ ሌላኛው ተረስቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት ዘንግ ኖሮት የፊት ዲፈረንሻሉን ግን ሌላ ነገር የሚያገናኝለት ነው። አንዳንዱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይጠቀማል፣ አንዳንዱ ደግሞ በቫኪዩም ይሠራል። ሦስተኛው ዓይነት፣ ለምሳሌ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ሃይሉክስ፣ ዘንጉን ጥሎ ዳሽቦርድ ላይ ማዞሪያ አድርጓል። በዚህ ዓይነት እጅዎ የሚልከው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ማርሹን የሚገፋው አክቹዌተር የሚባለው ሞተር ነው፣ የሚያዘውም ኮምፒውተር ነው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር የሚመለከተው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው።

2. ኤሌክትሪክ ያልሆነውን ጥፋት ያስወግዱ

ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ከጭቃው ወጥተው የአዲስ አበባ–ሐዋሳ አስፋልት ላይ ፎር ዊሉን ሳያወጡ ጥቂት ነድተው፣ አንድ ሁለት ቦታ ተጠምዝዘው፣ ከዚያ «አልወጣም አለኝ» ካሉ ነገሩ የኤሌክትሪክ ላይሆን ይችላል። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቻችለዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይንሸራተትም፤ ውጥረቱ ማርሾቹ ላይ ይጠራቀምና ፎር ዊሉን የሚያገናኘውን ተንሸራታች ቀለበት ጨምድዶ ይይዘዋል። አክቹዌተሩ ይገፋል፣ ቀለበቱ አይነቃነቅም፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። መፍትሔው መሪውን አቅንቶ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ወይም በአንድ በኩል ያሉትን ጎማዎች ከአስፋልቱ አውርዶ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ውጥረቱ ሲለቅ ብዙ ጊዜ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ መብራቱም ይጠፋል። እንደ ፕራዶ ያሉ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዱ መኪኖች የመሐል ዲፈረንሻሉ እስካልተቆለፈ ድረስ ይህ ችግር የለባቸውም።

ፎር ሎው አልገባ ካለም አሠራሩን ይፈትሹ፦ መኪናው ጨርሶ መቆም አለበት። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑ እስከ ታች ይረገጥ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ኒውትራል ላይ ይሁን። በዝግታ እየተንከባለሉ ቢያዞሩት ኮምፒውተሩ እምቢ ማለቱ ትክክል ነው።

ጎማዎችንም ይዩ። የፊቱና የኋላው መጠን ከተለያየ፣ ወይም አንዱ ጥንድ አዲስ ሌላው ያለቀ ከሆነ ውጥረቱ በቀጥታ መንገድም ይፈጠራል።

3. ጥፋቱን ለሁለት ይክፈሉ

አሁን ማወቅ የሚፈልጉት ያልገባው ከመሐል ባለው ትራንስፈር በኩል ነው ወይስ ከፊት ዲፈረንሻሉ በኩል የሚለውን ነው። ይህን በእጅ ብቻ ማወቅ ይቻላል፤ ከዚህ የበለጠ ጊዜ የሚያድን ምርመራ አላውቅም።

ሞተሩን አስነሥተው ፎር ሃይ ያስገቡ፤ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ይንዱ። ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ። አውቶማቲክ ከሆነ ፓርኪንግ ላይ ያድርጉት። ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው ይመልሱ። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ ያንሡና ከሥሩ መደገፊያ ያድርጉለት። ጎማውን በእጅ ያዙሩት። ከትንሽ መላወስ በስተቀር ካልዞረ ፎር ዊሉ ገብቷል፤ ችግሩ መብራቱና ስዊቹ ጋ ነው፣ ወደ ቁጥር 8 ይሂዱ። እንደ ልቡ ከዞረ ግን ከትራንስፈሩ ወደ ፊት ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ካርዳን በእጅዎ ይያዙና ለማዞር ይሞክሩ። ካርዳኑ በነጻ ከዞረ ትራንስፈሩ አልገባም። ካርዳኑ ታስሮ ጎማው ብቻ ከዞረ ትራንስፈሩ ገብቷል፤ ያልገባው የፊት ዲፈረንሻሉ ወይም ሃቡ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚፈትሹት በዚያ በኩል ያለውን አክቹዌተር፣ ስዊችና ሽቦ ብቻ ይሆናል።

4. ባትሪውን ይለኩ

ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል፤ ከ12 በታች ከወረደ መጀመሪያ ቻርጅ ያድርጉት። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው መካከል መሆን አለበት። ሞተሩ ሲነሣ ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም ተርሚናሉ ላልቷል። አክቹዌተር በአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ፣ ሬዲዮና መብራት የማይታወቃቸው የቮልት መውረድ እሱን ያቆመዋል። ተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ፈትተው በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይጠቡ፣ ያድርቁ፣ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፣ ላዩን ቫዝሊን ይቀቡት። ሲፈቱ ኔጋቲቩን ቀድመው፣ ሲያስሩ ኔጋቲቩን መጨረሻ።

5. ፊውዝና ሪሌ

የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ያለውን ሥዕል ያንብቡ። ፎር ዊል ወይም ዲፈረንሻል የሚለውን ብቻ ሳይሆን የዳሽቦርዱንና የኮምፒውተሩን ፊውዝም ይዩ፤ ቁጥጥሩ ከእነሱ ኃይል ሊወስድ ይችላል። ፊውዝን በዓይን ብቻ አይመኑ፤ ነቅለው በኦም ይለኩት። ቀለሙ መጠኑን ይነግርዎታል፦ ቀይ 10 አምፒር፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30። የተቃጠለውን በዚያው መጠን ይተኩት። ወዲያው ደግሞ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ብረት እየነካ ነው ማለት ነው፤ ወደ ቁጥር 6 ይሂዱ። በ15 ቦታ 30 መክተት ወይም በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ጥፋቱን ከፊውዙ ወደ ሽቦው ማዛወር ነው፤ ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ በነዳጅ ቱቦ አጠገብ ነው።

ሪሌ ካለው ተመሳሳይ ቁጥርና ተመሳሳይ እግር ያለው ሌላ ሪሌ፣ ለምሳሌ የክላክሱን፣ ከእሱ ጋር ያቀያይሩ። ፎር ዊሉ ሠርቶ ክላክሱ ዝም ካለ መልሱን አግኝተዋል።

6. ከመኪናው ሥር ይግቡ

ለዚህ ጊዜ ይስጡ። ጥሩ ባትሪ መብራት ይያዙና ከትራንስፈሩና ከፊት ዲፈረንሻሉ የሚወጣውን የሽቦ ጥቅል በእጅዎ እየዳሰሱ እስከ ሞተር ክፍሉ ይከተሉት። የሚፈልጉት አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የተላጠ ወይም የቀለጠ ሽቦ። ጥቅሉ በማርሚታው አጠገብ ሲያልፍ ማሰሪያው ተሰብሮ ወርዶ ይሆናል፤ በሻንሲው ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ተልጦም ይሆናል። ካምቢዮ ወርዶ ከነበረ በተለይ ይጠርጥሩ፦ ሲመለስ ጥቅሉ በድሮው መንገዱ አልፎ ይሆን? ብዙ የቆመ መኪና ከሆነ የአይጥ ጥርስ ይፈልጉ።

ሁለተኛ፣ ሶኬቶቹ። ቁልፉን አጥፍተው አንድ በአንድ ይንቀሉ። መቆለፊያዋን ተጭነው ሶኬቱን ራሱን ይሳቡ እንጂ ሽቦውን አይጎትቱ። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ መዳቡ እየተበላ ነው። ነጭ ዱቄት ከሆነ የሶዳው አቧራ ወይም የተበላ ብረት ነው። ውሃ ከፈሰሰ ዙሪያው ያለችው የላስቲክ ቀለበት ተቀዳዳለች ወይም ላቫጆው ገፍቶ አስገብቶታል። ኮንታክት ክሊነር ይንፉበት፣ በትንሽ ብሩሽ ይጥረጉት፣ ደግመው ይንፉ፣ ጨርሶ ይድረቅ። የብርጭቆ ወረቀት ለሶኬት እግር አይደለም፤ ሽፋኑን ፍቆ ለዝገት ያጋልጠዋል። የሴቷ ወገን ጉሮሮ ላልቶ እንደሆነም ይፈትሹ፦ እግሩ ሲገባ ያዝ የማያደርግ ከሆነ መኪናው ሲነቃነቅ ይላቀቃል። «ጠዋት ይሠራል፣ መንገድ ላይ ይጠፋል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ማሳ። ኃይል ሄዶ መመለስ አለበት፤ የሚመለሰው በሻንሲው በኩል ነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ቦዲው፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄዱትን ወፋፍራም ገመዶች ይዩ። ከዚያም ከፎር ዊሉ ጥቅል ወጥተው በቦሎኒ የታሰሩትን ይፈልጉ። በቶዮታ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት ሽቦ ብዙውን ጊዜ ማሳ ነው። ቦሎኒውን ፈትተው ከሥሩ ያለውን ቀለምና ዝገት እዚህ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈትጉት፣ መልሰው ያጥብቁ፣ ላዩን ግራሶ ይቀቡት።

ማሳ ዓይን የሚያታልል ስለሆነ ይለኩት። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገው ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ቀዩን በአክቹዌተሩ ማሳ ሽቦ ላይ ያድርጉ። ሌላ ሰው ማዞሪያውን ያዙርልዎት። ኃይሉ በሚሄድባት ቅጽበት ንባቡ ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም። 1 ወይም 2 ቮልት ካሳየ ያ ሁሉ ኃይል ዝገት ላይ እየባከነ ነው። ይህ የሚታየው ኃይል ሲሄድ ብቻ ነው፤ ማዞሪያው ካልዞረ ማንኛውም የተበላሸ ማሳ ዜሮ አሳይቶ ጤነኛ ይመስላል። አክቹዌተሩ ሁለቱንም ሽቦ ከኮምፒውተሩ የሚቀበል ከሆነ ይህን ልኬት በኮምፒውተሩ ማሳ ላይ ይውሰዱት።

አራተኛ፣ የቀድሞ ባለሙያ የእጅ ሥራ። ተጠማዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥልጣይ ካገኙ ይፍቱት። ሽቦን በመርፌ ወግቶ የመለካት ልማድ ያለበት ጋራዥም አለ፤ ያቺ ቀዳዳ ለሶዳው ውሃ በር ናት። መለካት ካስፈለገ በሶኬቱ ጀርባ በኩል ይሁን።

7. ኃይሉ አክቹዌተሩ ጋ ይደርሳል?

የአክቹዌተሩን ሶኬት ይንቀሉ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ወፈር ያሉ ሽቦዎች የሞተሩ ናቸው፤ ቀጫጭኖቹ ቦታውን ለኮምፒውተሩ የሚነግሩ ናቸው። ከመኪናው በሚመጣው ወገን ባሉት ሁለት ወፋፍራም እግሮች ላይ አምፖሉን ያገናኙ። መኪናው ቆሞ ቁልፉ ይከፈት፤ ረዳትዎ ማዞሪያውን ወደ ፎር ሃይ ያዙር። አምፖሉ ለጥቂት ሰከንድ ይበራና ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ምላሽ ካላገኘ ተስፋ ቆርጦ ስለሚያቋርጥ ዓይንዎን አይንቀሉ።

አምፖሉ ደምቆ ከበራ ማዞሪያው፣ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ኮምፒውተሩና ሽቦው ሁሉ ደህና ናቸው። ጥፋቱ ከሶኬቱ ወዲያ፣ አክቹዌተሩ ውስጥ ወይም እሱ በሚገፋው ማርሽ ላይ ነው። ፈዞ ከበራ መንገዱ ላይ ዝገት አለ፤ ወደ ቁጥር 6 ይመለሱ። ጨርሶ ካልበራ ችግሩ ከሶኬቱ ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ ማዞሪያውን ይጠርጥሩ። ቡና ወይም ለስላሳ የፈሰሰበት ማዞሪያ ብርቅ አይደለም።

አክቹዌተሩን ራሱን ለመፈተን ሁለቱን የሞተር እግሮች በኦም ይለኩ። ቴስተሩ ምንም መንገድ የለም ካለ ውስጡ ተበጥሷል ወይም ካርቦኑ አልቋል። መንገድ ካለ በ15 አምፒር ፊውዝ በኩል ከባትሪ ቀጥታ 12 ቮልት ለአንድ ሰከንድ ያህል ይስጡት፤ ከዚያ ሽቦዎቹን አቀያይረው ይድገሙ። በአንዱ ወደዚህ በሌላው ወደዚያ መዞር አለበት። ቀጫጭኖቹን እግሮች 12 ቮልት ካስነኩ ግን ደህና የነበረውን ያቃጥላሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆኑ ይተዉት። አክቹዌተሩ «እምም» ብሎ ካልተነቃነቀ ፈትተው ያውጡትና ብቻውን ይሞክሩት። ወጥቶ ከሠራ የታሰረው ማርሹ ነው፣ ጉዳዩም የመካኒክ ሆነ። ወጥቶም ካልሠራ ይክፈቱት፤ ውሃና የዝገት ጭቃ ካገኙ ብዙዎቹ በጽዳትና በአዲስ ግራሶ ይነሣሉ።

ዲፈረንሻል መቆለፊያ ያላቸው ላንድክሩዘሮችም በዚሁ መንገድ ይፈተሻሉ። ብቻ መቆለፊያው እስኪጣጣም ጎማው ጥቂት መዞር እንዳለበት፣ ብዙዎቹም በፎር ሎው ካልሆነ እንደማይታዘዙ አይርሱ።

አክቹዌተር መግዛት ግድ ከሆነ የድሮውን ይዘው ይሂዱ፣ ሻሸመኔም ይሁን አዳማ ወይም መርካቶ ሶማሌ ተራ። ላዩ ላይ ያለው ቁጥርና የሶኬቱ እግሮች ብዛት ይመሳሰሉ። ያገለገለ ከሆነ ብር ከመቁጠርዎ በፊት ሻጩ ባትሪ አምጥቶ በሁለቱም አቅጣጫ ያዙርልዎት።

8. መብራቱን የምታበራው ስዊች

በትራንስፈሩ ወይም በፊት ዲፈረንሻሉ ላይ የተጠመዘዘች፣ ጫፏ ላይ ትንሽ ኳስ ወይም ዘንግ ያላት ስዊች አለች። ማርሹ ሲገባ ኳሷ ትጫናለች፣ ስዊቿም «ገብቷል» ትላለች። ይህች ርካሽ ዕቃ ስትዋሽ ኮምፒውተሩ የገባውን አልገባም ብሎ ደጋግሞ ይገፋል። ሶኬቷን ነቅለው በኦም ይለኩ፦ በቱ ሃይና በፎር ሃይ ንባቧ መለዋወጥ አለበት። ካልተለዋወጠ ይፍቷት፤ ጥቂት ዘይት ስለሚፈስ ጣሳ ያዘጋጁ። ኳሷን በጣትዎ ይጫኑና ደግመው ይለኩ። በጣት ሠርታ ተገጥማ የማትሠራ ከሆነ ማርሹ በእርግጥ አልገባም ማለት ነው፤ ጥፋተኛዋ እሷ አይደለችም።

ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ መብራቱን «ማስተካከል» አንዳንድ ቦታ የሚሠራ ተንኮል ነው። አይቀበሉ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ያ ምልክት ለኤቢኤስ ፍሬኑም ይደርሳል፤ ፎር ዊል ሳይገባ ገብቷል የተባለ ፍሬን በትክክል አይሠራም።

ቁልፉ ሲከፈት ሌሎች መብራቶች ለአፍታ በርተው የፎር ዊሉ ብቻ ካልበራ አምፖሉ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ሞዴል ግን ከመጀመሪያውም አይበራም፤ የመኪናውን መጽሐፍ ይመልከቱ።

9. በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ

ሚትሱቢሺ ኤል 200 ዋናው ምሳሌ ነው፤ የሱዙኪ ጂምኒ ባለቤቶችም እዚህ ራሳቸውን ያገኛሉ። ኤሌክትሪኩ ሥራው ቫልቭ መክፈት ብቻ ነው፤ የሚስበው ቫኪዩሙ ነው። ስለዚህ ሞተሩን አስነሥተው ወደ ቫልቩ የሚገባውን ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይንቀሉና ጣትዎን ያድርጉበት። ካልሳበ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ምንጩ ደክሟል። በብዙ ናፍጣ ሞተሮች ይህ ቫኪዩም ለፍሬኑም ያገለግላል፤ ፔዳሉም አብሮ ከጠነከረ ከፎር ዊሉ በፊት እሱን ያስተካክሉ። ቱቦው ከሳበ ቫልቮቹን ይለኩ፦ ከ30 እስከ 50 ኦም አካባቢ የተለመደ ነው፤ 12 ቮልት ሲያገኙም «ጠቅ» ይላሉ። በመጨረሻ የፊት ዲፈረንሻሉ ላይ ያለውን የቫኪዩም ጣሳ በትልቅ የሕክምና ስሪንጅ ስበው ይፈትኑት፦ ዘንጉ መንቀሳቀስና ስሪንጁ እስኪለቀቅ ባለበት መቆየት አለበት። ከተመለሰ ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀዷል። ቱቦዎቹን ሲነቅሉ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ሁለቱ ከተቀያየሩ ፎር ዊሉ በተገላቢጦሽ ይሠራል።

10. ስካነርና ኮምፒውተር

ርካሾቹ ስካነሮች የሚያነቡት የሞተሩን ብቻ ነው፤ ጋራዡ የፎር ዊሉን ክፍል የሚያነብ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ። የተገኘውን ኮድ ይጻፉ፣ ያጥፉት፣ ፎር ዊሉን ደግመው ይሞክሩ፤ የተመለሰው ብቻ ነው የሚቆጠረው። ኮዱ የሚናገረው ስለ መስመሩ ነው፤ «የአክቹዌተር ሰርኪት» ማለት ሽቦውንም፣ ሶኬቱንም፣ ማሳውንም ይጨምራል። ኮምፒውተር ይቀየር ከተባሉ በራሱ ሶኬት ላይ ኃይልና ማሳ መኖሩ ይለካ። ምንጣፉንም ያንሡ፤ ውስጡ በውሃ የታጠበ መኪና ከዳሽቦርዱ ሥር እርጥበት ይዞ ይቆያል።

11. ጥገናው እንዲቆይ

የተበላ ሽቦ መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ይቆረጥ፣ በተመሳሳይ ውፍረት ይቀጠል፣ በሊድ ይበየድ፣ በሙቀት የሚጨማደድ የላስቲክ ቱቦ ይልበስ። ሶኬቶቹ ሲገጠሙ ዙሪያቸውን ለኤሌክትሪክ የሚሆን የሲሊኮን ግራሶ ይቀቡ። ጥቅሉ ከማርሚታው ርቆ በማሰሪያ ይያዝ። ከዲፈረንሻሉ የሚወጣውን ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦም ይክፈቱ፦ በጭቃ ከተደፈነ፣ የጋለው ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን በማኅተሞቹ በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሻንሲ ላይ ብየዳ የሚሠራ ከሆነ የባትሪው ኔጋቲቭ አስቀድሞ ይፈታ፤ የብየዳው ማሳም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ።

ከሐይቆቹ ዳርቻ ሲመለሱ መኪናውን ከሥር በንጹሕና በዝግታ በሚፈስ ውሃ ያለቅልቁት። የላቫጆውን ልጅ የግፊቱን ውሃ ከሶኬቶቹና ከሞተር ክፍሉ እንዲያርቅ ይንገሩት።

ሙከራው አስፋልት ላይ አይሁን። ፒስታ ላይ ከቱ ሃይ ወደ ፎር ሃይ፣ ቆመው ወደ ፎር ሎው፣ ከዚያ ወደ ነበረበት፣ በቀዝቃዛም በሞቀም ሞተር ደጋግመው ያስገቡት። በየጊዜው መብራቱ ረግቶ መቆም ወይም ጨርሶ መጥፋት አለበት። የቶዮታ መጽሐፍ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል መንዳትን ይመክራል፤ የፊት ማርሾች ዘይት እንዲያገኙ ነው፤ አክቹዌተሩም ሲቆም እንዳይደርቅ ይረዳል። በበጋ ወራት ይህን ካላቋረጡ፣ ሰኔ ሲገባ የሚያስገቡት ፎር ዊል ለወራት ያልተነካ አይሆንም።